ነገሥታትን ከሆድ ቁርጠት ያዳነው፣ በሆድ ሕመም ያረፈው ሐኪም

ረመዳን ሲገባ የሆድ ነገር ከወትሮው በላይ ይወራል። ቀኑን ሙሉ ባዶውን የዋለ ጨጓራ የመግሪብ አዛን እንደተሰማ ቴምርና ውሃ፣ ሾርባና ሳምቡሳ፣ ከዚያም ቤት ያፈራው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወርድበታል። ከተራዊህ መልስ ከደረት አጥንት ሥር የሚያቃጥለው ቃር፣ ሱሁር ተበልቶ ጎን ሲያርፍ ወደ ጉሮሮ የሚመለሰው ጎምዛዛ ውሃ ለብዙ ጾመኛ እንግዳ አይደለም። ወቅቱን ምክንያት አድርገን በዛሬው ገጻችን የምናነሳው ሰው የሆድ ሕመምን ሲመረምር፣ ሲያክምና ስለ እርሱም ሲጽፍ ኖሮ በመጨረሻ በዚያው በሆድ ሕመም፣ በዚሁ በረመዳን ወር ያረፈ ሐኪም ነው።

ሙሉ ስሙ አቡ ዓሊ አል-ሑሰይን ኢብን ዐብደላህ ኢብን ሲና ነው። አውሮፓውያን አቪሴና ይሉታል። በዘመኑ የነበሩትና ከእርሱ በኋላ የመጡት ደግሞ አሽ-ሸይኽ አር-ረኢስ፣ የሊቃውንት አለቃ እንደማለት፣ ብለው ጠርተውታል። ሐኪም የሚለውንም ማዕረግ አብዝተው ሰጥተውታል። እኛ በአማርኛ ከአረብኛው ወስደን ለሕክምና ባለሙያ ብቻ የምንጠቀምበት ይህ ቃል ያን ጊዜ ፈላስፋንም መድኃኒት አዋቂንም በአንድነት የሚጠራ ነበር፤ ኢብን ሲና ሁለቱንም ሆኖ ኖሯል።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ980 በቡኻራ አቅራቢያ በምትገኘው አፍሸና በተባለች መንደር ነው፤ ቦታው ዛሬ በኡዝቤኪስታን ውስጥ ይገኛል። አባቱ የባልኽ ሰው ሲሆን ቡኻራን መናገሻቸው ባደረጉት በሳማኒዶች መንግሥት የአንዲት ወረዳ አስተዳዳሪ ነበር። ቤተሰቡ ወደ ቡኻራ ከተዛወረ በኋላ ልጁ መምህር ተቀጠረለት፤ አሥር ዓመት ሲሞላውም ቁርኣንን በቃሉ አጠናቀቀ። ሒሳብን ያስተማረው አትክልት የሚሸጥ ነጋዴ እንደነበረ ራሱ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ይናገራል። ፊቅህን ኢስማዒል አዝ-ዛሂድ ከተባሉ ሰው ተማረ። ሎጂክን የጀመረለት ናቲሊ የተባለ መምህር ግን ብዙም ሳይቆይ ተማሪው ቀድሞት ሄደ።

ሕክምናን ከከባድ ትምህርቶች ተራ አልቆጠረውም። በአጭር ጊዜ ውስጥ መጻሕፍቱን ከጨረሰ በኋላ በሽተኞችን እያየ ከመጽሐፍ የማይገኘውን ነገር ከአልጋቸው አጠገብ ተማረ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዕድሜው አሥራ ስድስት ነበር። ከብዶት የነበረው ሌላ ነው። የአርስቶትልን ሜታፊዚክስ አርባ ጊዜ አንብቦ ቃሉን ቢይዘውም ሐሳቡ አልገባህ ብሎት ተስፋ ቆርጦ ነበር። አንድ ቀን ከአስር ሰላት በኋላ በመጽሐፍ ነጋዴዎች ሰፈር ሲያልፍ አንድ ሻጭ የአል-ፋራቢን ማብራሪያ በሦስት ድርሃም እንዲገዛው ለመነው። እምቢ ሊል ሲል ባለቤቱ ገንዘብ የቸገረው ሰው ነው ስለተባለ ብቻ ገዛው። ቤቱ ገብቶ ሲያነበው የተቋጠረው ሁሉ ተፈታለት፤ በማግሥቱም ለድሆች ሰደቃ አወጣ።

ጥያቄ ሲጠናበት ወደ መስጊድ ሄዶ ይሰግድና እንዲገለጥለት ፈጣሪውን ይለምን ነበር። ሌሊት እንቅልፍ ሲጫነው ደግሞ ብርታት ለማግኘት ወይን ይጠጣ እንደነበር ሳይደብቅ አስመዝግቧል። ለረመዳን ገጽ የሚመች ነገር አይደለም። ነገር ግን የዚህን ሰው ሕይወት አሳምሮ ብቻ መተረክ እርሱ ራሱ ያልፈለገው ነው፤ ወደ ኋላ እንደምናየውም ሆዱን ካደከሙት ነገሮች መካከል ራሱን አለመቆጠቡ ይገኝበታል።

አሥራ ሰባት ዓመት አካባቢ ሳለ የሳማኒዶቹ ገዢ ኑህ ኢብን መንሱር ታመመ፤ የቤተ መንግሥቱ ሐኪሞችም ግራ ተጋቡ። ወጣቱ ተጠርቶ ከእነርሱ ጋር በሕክምናው ተሳተፈ። ገዢው ሲድን እንደ ሌላው ሰው ወርቅ ወይም መሬት አልጠየቀም፤ የቤተ መንግሥቱን ቤተ መጻሕፍት እንዲገባበት ይፈቀድለት ዘንድ ነው የለመነው። በየክፍሉ ሣጥን በሣጥን ላይ የተደረደረበት፣ አንዱ ክፍል ለአረብኛ ቋንቋና ግጥም፣ ሌላው ለፊቅህ እየተባለ የተከፋፈለ ቤት ነበር። በአሥራ ስምንት ዓመቱ የዕውቀትን ትምህርት ሁሉ እንደጨረሰ፣ ከዚያ በኋላ ማስተዋሉ በሰለ እንጂ አዲስ ነገር እንዳልጨመረ ተናግሯል። ትንሽ ኩራት አለበት፤ ግን ውሸት ነው ለማለት የሚደፍር አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ በአብዛኛው ስደት ነው። አባቱ ሞተ፣ የሳማኒዶች መንግሥትም ፈረሰ፤ እርሱም ከከተማ ከተማ እየተንከራተተ ጎርጋን የተባለው የካስፒያን ባሕር አካባቢ ደረሰ። ዕውቀት ወዳዱን አሚር ካቡስን ፍለጋ ነበር የሄደው፤ ሲደርስ ግን ካቡስ በራሱ ሰዎች ተይዞ ሞቷል። ጎርጋን ያተረፈችለት አንድ ሰው ነው፤ አቡ ዑበይድ አል-ጁዝጃኒ። ይህ ተማሪ ከእርሱ ሳይለይ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ኖሮ፣ የመምህሩን የሕይወት ታሪክ ከአፉ ሰምቶ ጻፈ፤ የቀረውንም ያየውን ጨመረበት። ዛሬ ስለ ኢብን ሲና የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከጁዝጃኒ የተገኘ ነው። ታላቁ የሕክምና መጽሐፉ አል-ቃኑን ፊ አጥ-ጢብም የተጀመረው እዚያው ጎርጋን ነው።

ከጎርጋን ወደ ሬይ፣ ከሬይ በቃዝቪን በኩል ወደ ሃማዳን ተሻገረ። የሆድ ነገር በሕይወቱ ውስጥ ጎልቶ የሚገባውም በዚህች ከተማ ነው።

የሃማዳን አሚር ሸምስ አድ-ደውላ በዘመኑ ሐኪሞች ቁለንጅ በተባለ በሽታ ይሠቃይ ነበር። ቃሉ ከግሪክኛው የትልቁ አንጀት መጠሪያ የመጣ ሲሆን ሰውን አጎንብሶ የሚያስጮኸውን፣ ሆድ የሚነፋበትን፣ ሰገራና አየር አልወጣ የሚልበትን ከባድ ቁርጠት ያመለክታል። ኢብን ሲና ተጠራ። አርባ ቀንና ሌሊት ከአሚሩ ሳይለይ አከመው፤ አሚሩም ዳነ። ሐኪሙ ብዙ ስጦታ ተቀብሎ የአሚሩ ባልንጀራ ሆነ፤ ጥቂት ቆይቶም የመንግሥቱ ወዚር፣ በዛሬው አነጋገር ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ተደረገ።

ሹመቱ አልተመቸውም። ወታደሮቹ ጥቅማችንን ይነካል ብለው ተነሡበት፤ ቤቱን ከበው ዘረፉ፣ እርሱንም አሰሩት፣ አሚሩም እንዲገድለው ጠየቁ። ሸምስ አድ-ደውላ መግደሉን እምቢ ቢልም እነርሱን ለማስታገሥ ከሥልጣን አወረደው። ኢብን ሲና በአንድ ወዳጁ ቤት አርባ ቀን ተደበቀ። አሚሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ ያ ቁርጠት ተመለሰበት። ያባረረው ሰው ተፈልጎ መጣ፤ አሚሩ ይቅርታ ጠየቀው፤ እርሱም አከመው፤ ወዚርነቱም ተመለሰለት። በታሪክ ውስጥ አንድ ሐኪም በሕመምተኛው አንጀት ምክንያት ሁለት ጊዜ ሥልጣን የያዘበት ሌላ አጋጣሚ ያለ አይመስለንም።

ከዚያ ወዲያ ቀኑ በመንግሥት ሥራ፣ ሌሊቱ በትምህርት ያልፍ ጀመር። ተማሪዎቹ ማታ እየተሰበሰቡ አንዱ ከአሽ-ሺፋእ፣ አንዱ ከቃኑን በተራ ያነቡለት ነበር። የአሚሩ ነገር ግን በመልካም አላለቀም። ለጦርነት ወደ ታሩም ሲዘምት ቁርጠቱ መንገድ ላይ አገረሸበት። ጁዝጃኒ እንደሚለው በሽታውን ያባባሰው አመጋገቡን አለመጠበቁና የሐኪሙን ምክር መተላለፉ ነበር። ወደ ሃማዳን ሲመልሱት እ.ኤ.አ. በ1021 በቃሬዛው ላይ ሞተ።

ኢብን ሲና ለዚህ አመጋገብ ለሚባለው ነገር ምን ያህል ክብደት ይሰጥ እንደነበር ቃኑንን የገለጠ ሁሉ ያየዋል። መጽሐፉ አምስት ክፍል አለው። ሦስተኛው በሽታዎችን ከራስ ጀምሮ እስከ እግር በየአካሉ ሲዘረዝር የምግብ ቧንቧን፣ ጨጓራንና አንጀትን ሰፋ አድርጎ ያያል። የመጀመሪያው ክፍል ደግሞ ጤነኛው ሰው ጤናውን እንዴት እንደሚጠብቅ ይናገራል። ሳይርብ አለመብላት፣ ከርሃብ በኋላም ጥቂት ፍላጎት እየቀረ ከማዕድ መነሣት፣ ያልተፈጨ ምግብ ላይ ሌላ አለመጨመር፣ በልቶ ወዲያው ከባድ እንቅስቃሴ አለማድረግ፣ ምግብ መሐል ውሃ አለማብዛት የሚሉትን እዚያ እናገኛለን። ለኢፍጣር ማዕድ የተጻፈ ይመስላል።

ምክሩ እንጂ ምክንያቱ ግን ዛሬ የሚቆም አይደለም። እንደ ጋለን ሁሉ ኢብን ሲና ጨጓራን በተፈጥሮ ሙቀት ምግብን የሚያበስል ድስት አድርጎ ያየዋል፤ በሽታም የአራቱ የሰውነት ፈሳሾች ሚዛን ሲናጋ የሚመጣ ነው። ጨጓራ ውስጥ ያለው ጎምዛዛ ነገር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ መሆኑን እንግሊዛዊው ዊልያም ፕራውት ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1824 ነው። ዛሬ እንደሚታወቀው ሥር የሰደደ ቃር የሚነሣው በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለው ክብ ጡንቻ በሚገባ ሳይዘጋ ሲቀርና አሲዱ ወደ ላይ ሲመለስ ነው። ጨጓራ እስኪወጠር መብላትና በልቶ ወዲያው መተኛት አሲዱ ይበልጥ ወደ ላይ እንዲመለስ ያደርጋል። ስለዚህ ሐኪሞች ከምግብ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይተኙ መቆየትን፣ የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግን፣ ቅባትና ቡና መቀነስን ይመክራሉ። ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ አሲዱ እንዲቀንስ የሚያደርጉ መድኃኒቶች ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድመው ሲወሰዱ ነው በደንብ የሚሠሩት፤ ለጾመኛ ሰው ሱሁር ከመብላቱ በፊት ይመቻል። ሰዓቱንም ሆነ መጠኑን መወሰን ግን የሐኪም ነው።

ኢብን ሲና ከዛሬው ሐኪም ጋር ይበልጥ የሚገናኘው በሌላ ነገር ይመስለናል፤ የሚመሳሰሉ ሕመሞችን በመለየት። የቁለንጅ ሕመምና የኩላሊት ጠጠር ሕመም ለታማሚው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ያንከባልላሉ። እርሱ ግን ሕመሙ ከየት እንደጀመረ፣ ወደየት እንደሄደ፣ ሰፊ ነው ወይስ እንደ መርፌ በአንድ ቦታ ይወጋል፣ አየር ሲወጣ ይቀላል ወይስ አይቀልም እያለ ይጠይቃል። በእኛ አገር ከደረት በታች ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ተብሎ ያልፋል። ቃር አንድ ነው፤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው፣ አውስትራሊያውያኑ ዋረንና ማርሻል አግኝተውት በ2005 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ባክቴሪያ የሚያመጣው የጨጓራ ቁስል ሌላ ነው፤ ደረት የሚያቃጥል የልብ ሕመምም አለ። ለመዋጥ መቸገር፣ ያለምክንያት መክሳት፣ ደም ማስታወክ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ከታየ ነገሩ በቤት መድኃኒት የሚታለፍ አይደለም፤ በኢንዶስኮፒ መታየት አለበት። በሽተኛ ጾሙን አፍርሶ በሌላ ቀን እንዲያወጣ ቁርኣን መፍቀዱም የሚዘነጋ አይደለም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። አሚሩ ከሞተ በኋላ ኢብን ሲና በልጁ ዘመን ወዚር እንዲሆን ቢጠየቅም አልፈለገም፤ በስውር ለኢስፋሃኑ ገዢ ለዓላእ አድ-ደውላ ጻፈ። አንድ መድኃኒት ነጋዴ ቤት ተሸሽጎ፣ አንድም መጽሐፍ ሳይኖረው፣ የአሽ-ሺፋእን ርእሶች ከቃሉ ዘርዝሮ በየቀኑ ሃምሳ ቅጠል ይጽፍ ነበር። ደብዳቤው ታወቀና ፈርደጃን በተባለ ምሽግ አሰሩት። አራት ወር እዚያ ቆየ፤ በዚያም ከጻፋቸው ሦስት ሥራዎች አንዱ ስለ ቁለንጅ የተጻፈው ድርሳን ነው። ከእርሱ በፊት አር-ራዚም በዚሁ በሽታ ላይ ጽፏል። የኢብን ሲናን የሚለየው፣ አንዱን አሚር አድኖበት ወዚር የሆነበትን፣ የዚያው አሚር ሞትም ለእስር የዳረገውን በሽታ እስር ቤት ተቀምጦ መጻፉ ነው።

ከእስር ወጥቶ የሱፊ ልብስ ለብሶ ከወንድሙ፣ ከጁዝጃኒና ከሁለት አገልጋዮች ጋር ወደ ኢስፋሃን ጠፋ። ዓላእ አድ-ደውላ በክብር ተቀበለው። ቃኑንንና አሽ-ሺፋእን የጨረሰውም በእርሱ ዘመን ነው። ግን ዓላእ አድ-ደውላ ከጦርነት የማያርፍ ሰው ነበር፤ ሐኪሙም በየዘመቻው ይከተለው ነበር።

ከእነዚህ ዘመቻዎች በአንዱ፣ ካራጅ በር ላይ ከጋዝናዎቹ አዛዥ ከታሽ ፋራሽ ጋር ውጊያ ሊደረግ ሲል፣ ቁለንጅ ራሱን ኢብን ሲናን ያዘው። የሚያስጨንቀው ሞት አልነበረም። ጦሩ ተሸንፎ ቢሸሽ በሽተኛ ሆኖ ከኋላ መቅረቱ ነው። በቶሎ ለመዳን ሲል በፊንጢጣ በኩል መድኃኒት አስገብቶ አንጀትን የማጠቡን ሕክምና፣ ዛሬ በሆስፒታል ኢኒማ የሚባለውን፣ በአንድ ቀን ስምንት ጊዜ በራሱ ላይ አደረገ። አንጀቱ ቆሰለ። ሌላ ሰው ታሞ ይህን ቢያደርግ ምን ይለው እንደነበር መገመት አይከብድም።

በዚያው ሁኔታ ጦሩን ተከትሎ መጓዝ ነበረበት። ከቁርጠቱ ቀጥሎ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ፣ የሚጥል በሽታ የሚመስል ነገር መጣበት። አየሩን እንዲሰብርለት በሚያስገባው ፈሳሽ ውስጥ አረቦች ከረፍስ የሚሉት የሰለሪ ዘር ሁለት ዳነቅ እንዲጨመር አዘዘ። ከሚያክሙት አንዱ አምስት ድርሃም ጨመረበት። አንድ ድርሃም ስድስት ዳነቅ ስለሆነ ይህ ከታዘዘው አሥራ አምስት እጥፍ ነው። ጁዝጃኒ በዚያ ሰዓት አብሮት ስላልነበረ ሆን ተብሎ ይሁን በስሕተት እንደማያውቅ ብቻ ጽፎ ያልፋል። የዘሩ ኃይል ቁስሉን አባባሰው። ለመንቀጥቀጡ ይወስደው በነበረው መድኃኒት ውስጥ ደግሞ አገልጋዮቹ ብዙ ኦፒየም ከተቱበት። ከግምጃ ቤቱ ብዙ ገንዘብ ሰርቀው ስለነበር ከዳነ እንደሚጠይቃቸው ፈርተው ነው።

ኢስፋሃን በቃሬዛ ገባ። ለመቆም እንኳ አቅም አልነበረውም፤ ራሱን እያከመ ቆይቶ መራመድ ቻለ፤ ወደ አሚሩም ጉባኤ መሄድ ጀመረ። ይሁን እንጂ ጁዝጃኒ የመምህሩን ድካም አልሸሸገም። ሥጋዊ ፍላጎቱን አልገታም፣ አመጋገቡንም አልጠበቀም፤ ስለዚህ ሕመሙ ይሄድ ይመለስ ነበር። ሸምስ አድ-ደውላን የገደለው ነገር ይኸው መሆኑን ተማሪው ቀደም ባሉት ገጾች ጽፎታል። ሁለቱን አያነጻጽርም፤ አንባቢ ግን ማየቱ አይቀርም።

ዓላእ አድ-ደውላ ወደ ሃማዳን ሲዘምት ኢብን ሲና አብሮ ወጣ። በመንገድ ላይ ሕመሙ አገረሸ። ሃማዳን ሲደርስ ጉልበቱ እንዳለቀና ከበሽታው ጋር መታገል እንደማይችል ራሱ አወቀ፤ በሰውነቱ ውስጥ ያለው አስተዳዳሪ ማስተዳደር እንዳቃተው ተናግሮ ሕክምናውን አቆመ። ከእርሱ በኋላ የመጡ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች በእነዚያ የመጨረሻ ቀናት ንስሐ እንደገባ፣ ያለውን ለድሆች እንደመጸወተ፣ ባሪያዎቹን ነጻ እንዳወጣና በየሦስት ቀኑ ቁርኣንን እያኸተመ እንደቆየ ጽፈዋል። በሂጅራ አቆጣጠር በ428 በረመዳን ወር፣ ዕለተ ጁምዓ፣ አረፈ፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1037 መሆኑ ነው። ስድሳ ዓመት አልሞላውም ነበር።

ቃኑን በአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን በክሬሞናው ጄራርድ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ አሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ማስተማሪያ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1593 በሮም በአረብኛ ሲታተምም በዚያ ቋንቋ በማተሚያ መሣሪያ ከወጡ ቀደምት መጻሕፍት አንዱ ነበር።

መቃብሩ ከዓመታት በፊት ጌታውን ከቁርጠት አድኖ ወዚር በሆነባት፣ በተደበቀባትና በተሰደደባት በዚያችው በሃማዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በላዩ ላይ የተሠራው ረጅም ማማ የጉንባድ ካቡስን ማማ አምሳያ አድርጎ የታነጸ ነው፤ ወጣቱ ሐኪም ጎርጋን ድረስ ተጉዞ በሕይወት ያልደረሰበት የዚያ አሚር የካቡስ መቃብር ማለት ነው።